ባነሩ ለቅሶ ቤት ቀርቷል፤ አውሮፕላኑን ልቀቁልን

“ገመድ ጎታች ስለ በረራ ደህንነት ምን ያውቃል?” ብለዋል አሉ፣ ማክሰኞ ስብሰባው ላይ። ቆንጆ ጥያቄ ነው፤ ሰዉም በደንብ ስቋል ብለውኛል። ግን አንድ ነገር ላርምዎት። ገመዱን የሚጎትተው አውሮፕላኑ ነው። እኔ ገመድ ሰቃይ ነኝ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨት እተክላለሁ፣ በመሀላቸው የባነሩን ገመድ እንደ ልብስ ማስጫ እሰቅላለሁ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ይመጣና ጭራው ላይ ባለው መንጠቆ ገመዱን ላፍ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል፣ ሃያ አምስት ሜትር ጨርቅ ከሳሩ ላይ ተነስቶ እየተምዘገዘገ ይከተለዋል። ይሄን ስልሳ አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ። ስልሳ አንዱንም አልሳትኩም። እርስዎ ጋ አንድ ፊርማ ፍለጋ ሰባት ጊዜ ተመላልሼ ሰባቱንም ጊዜ ወንበርዎን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ስለዚህ ማን ሥራው ላይ እንዳለ ሕዝብ ይፍረድ።

ይቅርታ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ ገባሁ። እናቴ ብታየኝ በጆሮዬ ነበር የምትጎትተኝ።

ለተከበሩ አቶ ፍቅረሥላሴ፣ የሰማይ ላይ ማስታወቂያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ አካም ነዎት? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማህተምዎ፣ ሁሉም ሰላም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነን። አውሮፕላኑን ካገዱብን ሦስት ሳምንት ስለሆነን የሜዳው ልጆች አምስታችንም እረፍት ላይ ነን፤ እኔ እንዲያውም ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ጋላቶማ፣ እድሜ ለእርስዎ።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይገባው በአጭሩ ልንገረው። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አለች፣ ማስታወቂያ የተጻፈበት ባነር እየጎተተች በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ሰማይ ላይ ትዞራለች፤ የምታበራት ካፒቴን ጣቢታ ናት። አቶ ፍቅረሥላሴ “ለሕዝብ ደህንነት አስጊ” ብለው ፈቃዱን አላድስም አሉ። ባለቤቱ ደግሞ እስከ አርብ ካልተፈረመ ቅዳሜ አውሮፕላኗን ቆላ አውርዶ ጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት ሊያስረጭባት ነው። ካፒቴንም አብራ ትሄዳለች። እኛ እንጨታችንን ተደግፈን እንቀራለን። ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልግባ፤ በቁጥር ስለጻፉልኝ እኔም በቁጥር እመልሳለሁ።

አንደኛ፦ “ሠራተኞቹ በቂ ትምህርት የላቸውም” ብለዋል። እውነት ነው፣ እኔ ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት። ግን ስምንተኛን ሁለቴ ስለተማርኩ አስራ ስድስት ዓመት ነው ይበሉልኝ፤ ዲግሪ ማለት ነው። ነፋስ እንዴት እንደሚነፍስ ከእንጨቱ ጫፍ ባሰርኩት ፌስታል አነባለሁ፣ እስካሁን ፌስታሉ ዋሽቶኝ አያውቅም። እርስዎ የላኩት ባለሙያ ግን ክራባት አስሮ መጣ፣ ሜዳው መሀል ጫማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ በአንድ ካልሲ ቆሞ “አውሮፕላኑ የሚያርፍበት አስፋልት የታለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ፣ እዚህ አያርፍም፣ ባነሩን በአየር ላይ እንዳለ ነው የሚያነሳው ስለው “ሕገወጥ ነው” ብሎ ጻፈ። ጫማውን በዱላ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱን አልጻፈም።

ሁለተኛ፦ “የሞተሩ ድምፅ የሱሉልታን ላሞች ወተት ያነጥፋል” ብለዋል። ለላሞች ማሰብዎ ልብ ይነካል። የእናቴ ላም ከእንጨቶቼ ስር ነው የምትውለው፣ አውሮፕላኑ ራሷ ላይ ሲያልፍ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም። የነጠፈችው የጎረቤታችን ላም ናት። እሷ ደግሞ ከነጠፈች ሁለት ዓመቷ፣ አውሮፕላኑ ከመጣ ሰባት ወሩ። ይሄን ለማስላት ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

ሦስተኛ፦ “ሹፌሮች ወደ ሰማይ እያዩ ይጋጫሉ” ብለዋል። ጌታዬ፣ የጅማ መንገድ ሹፌር ወደ ሰማይ የሚያየው ከተጋጨ በኋላ ነው። እስከዛ ድረስ የሚያየው ስልኩን ነው።

ስለ ደህንነት ካነሱ አይቀር እስቲ እናወዳድር። ካፒቴን ጣቢታ ከመነሳቷ በፊት አርባ ደቂቃ ትፈትሻለች፣ ብሎን በብሎን። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቢለምኗትም አትነሳም፤ እኛ አገር ከፍታው ትልቅ ነው፣ አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ እንደ ደከመ ሰው ያለከልካል። የሚኒባስ ፍተሻ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፦ ጎማውን በእግር አንዴ መታ፣ “ሳበው!”፣ አለቀ። የኛ አውሮፕላን ትርፍ አትጭንም። በሯ ላይ ተንጠልጥሎ “ሰበታ! ሰበታ! ሁለት ሰው!” የሚል ረዳት የላትም። “ወራጅ አለ” ሲሏት መንገድ መሀል አትቆምም። ታዲያ እርስዎ የትኛውን አገዱ? ጠዋት ጠዋት ቢሮ የሚገቡት በየትኛው ነው?

ደስታውንም ልንገርዎት፤ በዘጠኝ ገጽ ደብዳቤዎ ላይ ደስታ የሚል ቃል ፈልጌ ስላጣሁ ነው። አውሮፕላኗ ሁለት ወንበር አላት። ጥቅምት ላይ ወደምታድርበት ቦታ ገመድ ላደርስ ሄጄ ካፒቴን “ና ውጣ” አለችኝ። አልፈራሁም። ማለቴ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ፣ የሷን እጅጌ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ “ኢብሳ፣ ልቀቀኝ፣ እጄን ለመሪው እፈልገዋለሁ” ስትለኝ ለቀቅኳት። ከዛ በኋላ ግን ሌላ ነው! የገፈርሳ ውሃ ከታች ብልጭ ሲል፣ ቡራዩ ቆርቆሮዋን ለፀሐይ አስጥታ፣ ወጨጫ ተራራ ትከሻችን ላይ። ከሰበታ አየር ጤና በሚኒባስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅብኝን መንገድ አንድ ዘፈን ዘፍኜ ሳልጨርስ አለቀ። ዓለም ገና ላይ ባጃጆቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ጓደኛዬ መሀላቸው እንዳለ ስለማውቅ ከላይ ሆኜ የምችለውን ያህል ሰደብኩት። ምድር ላይ ብሰድበው ይማታል። እንደዛ ያለ ነፃነት እርስዎ ቢሮ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፣ ቢኖርም በማመልከቻ ነው።

አራተኛ፦ ወደቀ የሚሉት ባነር። እዚህ ጋ አልዋሽም። ወድቋል። ግን አወዳደቁን በሥርዓት ይስሙ፣ ምክንያቱም ዘጠኙ ገጽ ውስጥ ያለው ሌላ ታሪክ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ዓለም ገና ላይ ሞተሩ ሳለ። ሁለት ጊዜ። ሃያ አምስት ሜትር ጨርቅ እየጎተተ ሞተር ከሳለ ሕጉ አንድ ነው፦ መልቀቂያውን ሳብ፣ ጨርቁ ይሂድ፣ አውሮፕላኑና ሰው ይትረፍ። ካፒቴን ሳበችው። ሞተሩ ሸክሙ ሲቀልለት ዳነ፣ እሷም በሰላም አረፈች። ይሄ አደጋ አይደለም፣ አደጋ የሚቀረው እንዲህ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ባነሩ ፊት ላይ ያለው የብረት ዘንግ ነው፤ ከአንድ ቤት ደጃፍ ሁለት እርምጃ ላይ ነው ያረፈው። በዛው ሳምንት ብረቱን ጥዬ በቀርከሃ ቀይሬ ጫፍና ጫፉን በስፖንጅ ጠቅልዬዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። የእርስዎ ዘጠኝ ገጽ ስለ ዘንጉ አንድ መስመር የለውም።

ጨርቁ ደግሞ ያረፈው የጋሽ አሥራት ለቅሶ ድንኳን ላይ ነው። ጋሽ አሥራት፣ ነፍስ ይማር፣ የዓለም ገና ሰው ናቸው፤ ሠልስታቸው ነበር። የእድሩን ድንኳን ካቻምና ክረምት በረዶ በስቶት ጣሪያው ወንፊት ሆኗል፣ ሽማግሌዎቹ በጋዜጣ ፀሐይ እየተከላከሉ ነው የተቀመጡት። እድሩ ጨርቅ ሲያፈላልግ ሁለት ዓመቱ። እንግዲህ በዛ መሀል ከሰማይ አዲስ ጨርቅ ቀስ ብሎ፣ እየተንሳፈፈ፣ መጣና ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰው። ላዩ ላይ በትልቁ ምን ይላል? “ዕድላዊት የሠርግ አዳራሽ፤ ደስታዎ ደስታችን ነው።”

ካፒቴን ስትደውልልኝ ሱሉልታ ነበርኩ። በሌላ ጓደኛዬ ሞተር ሳይክል በቡራዩ አድርገን በረርን። ስደርስ አቧራ ለብሻለሁ፣ ዓይኔ በነፋስ ቀልቶ እንባ እንባ ይላል፣ እያለከለክኩ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። የለቅሶ ቤት ሰው እንዲህ ሆኖ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ምን ይላል? ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ያዙኝ። “አይዞህ! አይዞህ! በቃ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!” ብለው አስቀመጡኝ። “ባነሩ…” ልል አፌን ስከፍት አንዷ እናት ንፍሮ በእጄ ሞሉልኝ፣ “ብላ ልጄ፣ ከሩቅ መጥተህ” አሉኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ንፍሮ ይዞ ስለ ዕቃ የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም። ቆነጠርኩ። ጋሽ አሥራትን ባላውቃቸውም ትንሽ አለቀስኩ፤ ሰዉ ሲያለቅስ ያስለቅሳል።

ከዛ ኦቦ ቀጄላ፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ የሚያውቀኝ አንድ ልጅ ማን እንደሆንኩ ሹክ አላቸውና ተነሱ። “ይሄ ልጅ ከአውሮፕላኖቹ ነው!” አሉ። “ሁለት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስንፈልግ ቅርብ ያለው ዘመድ አልሰማንም። እነዚህ የማናውቃቸው ልጆች ግን ለቅሶ ደርሰው በላይ በኩል አወረዱልን። ዋቃ ይስጣችሁ!” ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ኦቦ ቀጄላ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ፦ ክንፋችሁ አይሰበር፣ ሰማዩ አይጨልምባችሁ፣ የወጣችሁ በሰላም ግቡ። ሰዉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል? አቶ ፍቅረሥላሴ፣ እርስዎ ያገራችንን ነገር ያውቁታል፤ በሽማግሌ ተመርቆ፣ አሜን ብሎ፣ ከዛ “ኦቦ፣ ይቅርታ፣ ጨርቄን ይመልሱልኝ” የሚል ሰው ከተገኘ ያሳዩኝ፣ እኔ ራሴ ከሜዳው አባርረዋለሁ።

እዛው በዛው ሰፉት። መጀመሪያ ፊደሉን ወደ ውጭ አድርገው ነበር፤ ከሰዓት አንድ ሠርግ የጠፋበት እንግዳ ጽሑፉን አይቶ፣ ስጦታውን ተሸክሞ፣ እየሳቀ ሰተት ብሎ ገባ። ከዛ ወዲያ ፊደሉን ወደ ውስጥ ገለበጡት። አሁን አልቃሹ ቀና ሲል “ደስታዎ ደስታችን ነው” ይላል። የአዳራሹ ባለቤት ዕድላዊት ተቆጥታ እንዳይሆን ብዬ ስደውልላት “ከለቅሶው ብቻ ሦስት ሠርግ ተይዞልኛል፣ እዛው ይቀመጥልኝ” አለችኝ። ስለዚህ ባለ ጨርቋ አልከሰሰችም። እድሩ አልከሰሰም። ሐዘንተኞቹ መረቁን። የቀሩት እርስዎ ነዎት።

አምስተኛ፦ ምስክር አምጡ ብለዋል፣ አመጣን። ሌንጮ ዓለም ገና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነው፣ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ ያደገ፣ እንደሱ ጆሮ ያለው ሰው እዚህ አካባቢ የለም። አውሮፕላኗ ባነር ስትጎትትና ባዶዋን ስትሆን ከሱቁ ሳይወጣ ይለያል። ያን ቀን ጨርቁ መሬት ሳይደርስ “ሳለ… ደገመው… ለቀቀችው! ጎሽ፣ ጊዜውን ጠብቃ ነው የለቀቀችው!” ብሎ ለደንበኞቹ ነግሯል። ኮሚቴዎ ግን “የምንፈልገው የዓይን ምስክር ነው” ብሎ ከበር መለሰው። የዓይን ምስክር ተብለው የገቡትን ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፦ አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ አንዱ ስልክ ላይ ነበር፣ ሦስተኛው “ሄሊኮፕተር ነው” ብሎ ፈርሟል። ሌንጮ ሲመለስ ምን አለኝ መሰለዎት? “ኢብሳ፣ የሞተርን ሕመም በዓይናቸው የሚያዩ ከሆነ የኔን ሬዲዮኖች ለምን አይጠግኑልኝም?”

ስድስተኛና የመጨረሻ፦ “የወደቀው ባነር ተዘርግቶ በኮሚቴ በአካል ሳይታይ ፈቃዱ አይታደስም።” ይሄን ያነበብኩ ቀን ቀጥ ብዬ ኦቦ ቀጄላ ጋ ሄድኩ። አጥር እያጠበቁ ነበር።

“ኦቦ፣ ባነሩን መልሱልኝ” አልኳቸው።

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አሜን ብለሃል” አሉኝ። “ለቅሶ ቤት የገባ አይወጣም፣ የእድሩ ደንብ ነው።”

“እሺ አይመለስ። ኮሚቴው መጥቶ እንዲያየው ለአንድ ሰዓት ብቻ ዘርጉልኝ።”

መዶሻውን አስቀመጡ። “ሰው ሳይሞት? ድንኳን በባዶ አይዘረጋም። ሟርት ነው፣ ሬሳ ይጠራል።”

“ለሠርግስ አትዘረጉትም?”

“ለሠርግ አዳራሽ አለ፣ ጨርቁ ላይ አላነበብክም?”

“ኃላፊው ካላየሁ አልፈርምም አሉ እኮ።”

“እንግዲያው ከቸኮለ” አሉ ኦቦ ቀጄላ፣ “የሚሞት ሰው ይዞ ይምጣ።”

አቶ ፍቅረሥላሴ፣ መጀመሪያ ስቄያለሁ። አሁን ግን የደረሰብኝን ልንገርዎት፣ እዚህ ጋ ጉራ የለም። ከዛ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዓለም ገና እሄዳለሁ። ሰው ሰላም ስል “አባትዎ እንዴት ናቸው? ያ ሳል ተዋቸው?” እላለሁ። ሰዉ “ይሄ ልጅ እንዴት ያለ አሳቢ ነው” ይለኛል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሽማግሌ ነገር ከፍቶ ነበር፣ ልጃቸውን ጠየቅኳት፣ “ተመስገን፣ ድነዋል፣ ዛሬ ቅንጬ በሉ” አለችኝ። እኔም ተመስገን አልኩ። ውስጤን ግን ደስ አላለውም። እዛው መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን አየሁትና አፈርኩ። አንድ ሽማግሌ ቅንጬ በሉ ተብሎ የሚከፋው ሰው አልነበርኩም። በስልሳ አንድ በረራ አንድ ሰው ያልጎዳ አውሮፕላን ለሕዝብ ደህንነት ተብሎ ቆሞ፣ መነሻው ደግሞ ከሕዝቡ አንድ ሰው ሲሞት ሆነ። ደህንነት የሚባለው ይሄ ከሆነ፣ በእግዜር፣ አደጋ የሚሉትን አያሳዩኝ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ኦቦ ቀጄላ “ጨርቁ እኛ ዘንድ አለ፣ ማንንም አልጎዳም፣ ወደነዋል” ብለው ጽፈው የእድሩን ማህተም መትተውልኛል። የእርስዎ ማህተም ቀለም ያልቅበታል፤ የእድሩ ማህተም ግን ሰው የሚቀብር ማህተም ነው፣ ይከበራል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የቀርከሃውን ዘንግ ማየት ከፈለጉ ይምጡ፣ ጭንቅላቴን ራሴ መትቼ አሳይዎታለሁ። ጫማ ግን ቦቲ ያድርጉ። ከዛ ይፈርሙ። ካፒቴን ጣቢታ ሻንጣዋን ግማሽ አስራለች፤ ግማሹን ያላሰረችው በእርስዎ ተስፋ አድርጋ ሳይሆን እኔ “ቆይ፣ አንድ ደብዳቤ ልጻፍ” ስላልኳት ነው።

እስካሁን ላሳዩን ትዕግስት፣ ለሰባቱ ባዶ ቀጠሮዎች፣ ለዘጠኙ ገጽ፣ ለላሞቻችን ጤና ላደረጉት ጭንቀት ሁሉ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። ወንበርዎ ይርጋልዎ፤ እርስዎም አልፎ አልፎ ይቀመጡበት።

የሱሉልታ ሜዳ ዋና ገመድ ሰቃይ፣ ባለ ስልሳ አንድ፣
ኢብሳ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ዓለም ገና ቤት ለቤት አጣርቻለሁ፤ የእድሩ አባላት በሙሉ፣ ያሳላቸውም ጭምር፣ በጣም ደህና ናቸው፣ እስከ አርብ ለመሞት የሚያስብ የለም። እርስዎ ራስዎ ነገሩን ላፋጥነው ቢሉ እንኳ የእድሩ አባል ስላልሆኑ ድንኳኑ አይዘረጋልዎትም፤ ጠይቄያለሁ። ስለዚህ የቀረው እስክሪብቶዎ ነው። እስከ ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት በስልኬ ይመልሱልኝ። ሚስኮል አልቀበልም።